የወንድሜ ቁጣና የኔ ወረቀት

የምሠራበት መዝገብ ቤት መስኮቱ ወደ መንገድ ነው። ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ ከቀኑ አምስት ሰዓት በኋላ መስኮት ዘግቶ መቀመጥ አይቻልምና ከፍቼው እውላለሁ፤ ከፍቼው ስለምውልም የከተማው ወሬ ሁሉ ሳይጠራ ይገባል። ከመስኮቱ ሥር የኒም ዛፍ አለ። በጥላው ሻይና ከርከዴ የምትሸጥ ሴት፣ አጠገቧ የስፌት መኪናውን የዘረጋ ልብስ ሰፊ፣ ተሳፋሪ እስኪያገኝ ባጃጁን እዚያው የሚያቆም ሰው ይቀመጣሉ። ሦስቱም የከተማችን የእግር ኳስ ቡድን ደጋፊዎች ናቸው። ሲያወሩ የሚውሉት ግን ስለ ቡድኑ ሳይሆን ስለ አሠልጣኙ ነው። አሠልጣኙ ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ነው።

«ትናንት አየሽው?» ይላል ባጃጅ ነጂው። «ያቺ ኳስ ስትስት ተንበርክኮ መሬቱን ሲደበድበው!»

«አየሁት እንጂ። አልቅሷል እኮ!» ትላለች ሻይ ሻጯ። «እንባው ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ። የኔ ሰውዬ እናቱ ሲሞቱ እንኳ ዓይኑ አልረጠበም።»

«ላብ ይሆናላ» ይላል ልብስ ሰፊው፣ መርፌውን ከአፉ ሳያወጣ። «በዚህ ሙቀት ፍየልም ያለቅሳል።»

«አንተ ደግሞ! ለሰው ጥሩ ነገር አይዋጥልህም።»

«አሠልጣኝ ማለት መሪ የጨበጠ ሰው ነው። መሪ የጨበጠ ሰው እየዘለለ ይነዳል? ለነገሩ እኔ ምን ቸገረኝ! ሸሚዙን በቀደደ ቁጥር የሚመጣው ወደኔ ነው።»

«ያ ዞል!» ይላል ባጃጅ ነጂው፣ «አንተ ሰው» ለማለት፣ እንደ ድንበር ሰዎች በዓረብኛ፣ እጁን እያወናጨፈ። «እኔ ሜዳ የምሄደው ኳሱን ለማየት አይደለም፣ እሱን ለማየት ነው። እሱ ዝም ካለ ጨዋታውን ማን ያይልሃል?»

እኔ ውስጥ ሆኜ ለገባ ደብዳቤ ቁጥር እሰጣለሁ። እህቱ መሆኔን ሦስቱም ያውቃሉ። አንድ ቀን ሻይ ሻጯ ብርጭቆዬን ልትወስድ ገብታ ፊቴን ትኩር ብላ አየችና፣ «ኧረ እንዴት ብላችሁ ነው ካንድ ሆድ የወጣችሁት? እሱ እሳት፣ አንቺ የእንስራ ውሃ!» አለችኝ። እንደ ምርቃት ነበር ያለችው። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሲያቃጥለኝ ዋለ።

ቅናት ነው። ለብዙ ዓመት ሌላ ስም ስሰጠው ኖሬያለሁ፤ አንዳንዴ ቅሬታ፣ አንዳንዴ ድካም እለው ነበር። ደብዳቤ ላይ «ጉዳዩ» ከሚለው ቀጥሎ የተሳሳተ ርእስ የጻፈ ሠራተኛ ስንት ጊዜ መልሻለሁ፤ ለራሴ ሲሆን ግን እንዳሻኝ ስጽፍ ኖርሁ። ጉዳዩ ቅናት ነው።

የጀመረው ኳስ ከመኖሩ በፊት ነው። አባትና እናታችን ከደጋ ወርደው እዚህ ቆላ ሰሊጥና ማሽላ ሊያርሱ የሠፈሩ ሰዎች ናቸው። ጎንደር አጎት ነበረን፤ አንድ ልጅ ላኩና ላስተምር አለ። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ፣ ወንድሜ ሰባት። ፊደልን ከዘይት ቆርቆሮና ከማዳበሪያ ከረጢት ላይ ለይቼ ጨርሻለሁ፤ ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ሁሉ በቃሌ እወጣው ነበር። ጎንደር ሄዶ መማርን እንዴት እንደፈለግሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ፍላጎቴን ግን አፌ ላይ አላመጣሁትም። ወንድሜ በር ላይ ተጋድሞ በሩን በእግሩ ሲመታ ዋለ። ምግብ አልበላም አለ። አሸዋ አፉ ውስጥ ጨመረ። አባታችን በሁለተኛው ቀን «በቃ፣ እሱ ይሂድ፤ ይሄን ያህል ከፈለገ» አለ። እናቴ ወደኔ ዞር ብላ፣ «እሷማ ምንም አላለች» አለች። እውነቷን ነው። ልብሱን አጥፌ በፌስታል የቋጠርሁለት እኔ ነኝ።

አንደኛ ክፍል የገባሁት በሃያ ዓመቴ ነው፤ በማታው ትምህርት፣ ጉልበቴ ከጠረጴዛው ሥር አልገባ እያለ ወደ ጎን ተቀምጬ። ወንድሜ በዚያው ሰሞን አሥረኛ ክፍል አቋርጦ ከጎንደር ተመለሰና አብደራፊ ትልልቁ እርሻ ላይ ትራክተር የሚያስጠምድና የሚያስነዳ ሆነ። እኔ እየተማርሁ፣ እሱ እየጮኸ ዓመታት ሄዱ። የትራክተር ሥራ ያስጮኻል። እዚያ ሞተር አጠገብ የዋለ ሰው ቤቱ ገብቶም ጨው አቀብሉኝ ሲል ሰፈር ይሰማል።

ከዚያ ተመልሶ ቡድኑን ያዘ። በያዘ በመጀመሪያው ዓመት ለመሥሪያ ቤታችን አንድ የእግር ኳስ ሕግ መጽሐፍ በስሕተት መጥቶ ነበር። የሚረከበው ክፍል እስኪገኝ ጠረጴዛዬ ላይ ስለቆየ አነበብሁት፤ ሁለቴ። ከዚያ ሜዳ ሄድሁ። ሌላው ሰው ጫጫታ ሲያይ እኔ ሊጻፍ የሚችል ነገር አየሁ። ኳሱን ማን ለማን እንደሚሰጥ፣ የት ላይ እንደሚጠፋ፣ ማን በስንተኛው ደቂቃ እንደሚደክም በደብተር መያዝ ጀመርሁ። በአራተኛው ጨዋታ ከደብተሩ አንድ ገጽ ገነጠልሁና ለዕረፍት ሲመጣ ሰጠሁት። ወንድሜ ዕረፍት ላይ ከፔርሙሴ ቀዝቃዛ ከርከዴ ሊጠጣ እኔ ወደተቀመጥሁበት ይመጣል። አነበበው፤ ሳቀ፤ ሄደ። ሁለተኛውን አጋማሽ ግን እንደ ወረቀቱ አስጫወተ፤ አሸነፈም።

«እታለም» አለኝ ማታውን፣ «ለማንም እንዳትነግሪ።»

«ለምን?»

«ይስቁብኛላ። በእህቱ ወረቀት የሚያሠለጥን ይሉኛል።»

አልነገርሁም። ከዚያ ወዲህ በየጨዋታው ወረቀቱ ከፔርሙሱ ክዳን ሥር ይቀመጣል። ደጋፊው የሚያየው ከርከዴውን ነው። «እህቱ ደሙን ልታበርድለት ነው» ይላሉ። ቡድኑ ሲያሸንፍ ደግሞ ምክንያቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ እሱ ሸሚዙን ስለቀደደ፣ እሱ መሬት ላይ ስለተንከባለለ፣ እሱ ለልጆቹ እሳት ስለሰጣቸው። «የዛሬዋ ድል የሱ እልህ ናት!» ሲል ባጃጅ ነጂው፣ እኔ መስኮቱ ውስጥ ሆኜ የግራ ተከላካዩ ወደ መሐል እንዲገባ የጻፍሁትን መስመር አስባለሁ። ማኅተም ስመታ ከሚገባው በላይ አጥብቄ የምመታባቸው ቀናት ነበሩ።

አንድ ልክ ያልሆነ ነገር እንዳልጽፍ ይህንም ልበል፦ ቁጣው የውሸት አልነበረም። ወንድሜ እውነት ይናደዳል፤ እውነት ያለቅሳል። ያስቀናኝም ይኸው ነው። የውሸት ቢሆን ንቄው እተወው ነበር።

ነገሩ የፈነዳው ከመተማ ዮሐንስ ቡድን ጋር በተጫወትን ዕለት ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የወረዱት ሠራተኞች ወደየእርሻው ከመበተናቸው በፊት ስለነበር ሜዳው ዙሪያውን ሞልቷል። ጎጃሙም ወሎውም ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዞ ቆሟል። በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ ጎል አገባን። በዕረፍት የሰጠሁት ወረቀት አጭር ነበር፤ ደብተሬ ላይ ግልባጩ አለ። «ልጆቹ በዚህ ፀሐይ እስከ መጨረሻው መሮጥ አይችሉም። ከስድሳኛው ደቂቃ በኋላ አማካዩ ኳሱን ይዞ ጨዋታውን ያቀዝቅዝ። ወደፊት አይሩጥ።»

ከዕረፍት መልስ ዳኛው ግልጽ የሆነ ፍፁም ቅጣት ምት ከለከለን። ዳኛው ከደጋ የመጣ፣ ፊቱ በፀሐይ የተላጠ ሰው ነበር። ወንድሜ ያን ጊዜ ነደደ። ዘለለ፣ ሸሚዙን ከአንገቱ እስከ ሆዱ ቀደደው፣ ወደ ሰማይ ጮኸ፤ ሕዝቡ አብሮት ጮኸ። ከዚያ በረደ። መብረዱን ያየ ሰው አልነበረም፤ ከኋላው በአምስት እርምጃ ርቀት የተቀመጥሁት እኔ ግን አይቻለሁ። ሰዓቱን አየ። አማካዩን አየ። አማካዩ ወደፊት ይሮጣል። ያ ልጅ እርሻ ላይ የትራክተር ረዳት ነው፤ ስሙን ቢጠሩት፣ ቢያፏጩለት፣ በዚያ ጫጫታ ከየት ይስማ! ወንድሜ ሦስት ጊዜ ጠራው። በአራተኛው ኮፍያውን አወለቀና ወደ ልጁ ወረወረው። ነፋሱ ወሰደው። ኮፍያው ሄዶ የዳኛውን ደረት ነካና እግሩ ሥር ወደቀ።

ፊሽካ፤ ቀይ ካርድ። ጨዋታውን አንድ ለባዶ አሸነፍን።

በማግሥቱ ከኒሙ ሥር የተወራውን እዚህ እንዳለ አልጽፈውም፤ ገጹ አይበቃም። «በኮፍያው ጥፊ አጮለው!» አለ ባጃጅ ነጂው። ሻይ ሻጯ እልል አለች። በሦስተኛው ቀን ጥፊው ሁለት ሆነ። ልብስ ሰፊው እንኳ፣ ያ ነቃፊ፣ «እንዲህ ያለ ስድነት አልወድም» ካለ በኋላ፣ «ግን ጥፊው አረፈበት፣ አይደል?» ብሎ ጠየቀ። ሠራተኞቹ ወሬውን ይዘው ወደየእርሻው ሄዱ። ሰሊጥ ሲያጭዱ አንዱ ዳኛ፣ አንዱ አሠልጣኝ እየሆነ በኮፍያ ይመታቱ ነበር አሉ።

የውድድሩ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ደብዳቤ በአምስተኛው ቀን ደረሰ። ግልባጩ ወደ እኛ መሥሪያ ቤት ስለመጣ መዝገብ ላይ ያሰፈርሁት እኔ ነኝ። አሠልጣኙ ዳኛ በመምታት ተከሷል፤ ከተረጋገጠ ለአንድ ዓመት ከሜዳ ይታገዳል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከአብደራፊ ቡድን ጋር የምንጫወተው ጨዋታ ነበር። ያሸነፈው ወደሚቀጥለው ዙር ያልፋል።

አንድ ዓመት የሚለውን ሳነብ ደስ አለኝ። የቀን ማኅተሙን አንስቼ ደብዳቤው ላይ እስከማሳርፍ ድረስ ያለችውን ጊዜ ያህል። ኧረ እንዲያውም ትንሽ ትበልጣለች። ከዚያ ደስታው ሄደና እጄ ላይ የተከሰሰ ወንድም ቀረ፤ የተከሰሰውም ባልተናደደበት ደቂቃ፣ እኔ በጻፍሁት ወረቀት ምክንያት።

ማታ ቤቱ ሄድሁ። «እውነቱን ንገራቸው» አልሁት። «ልጁን ለመጥራት ነው የወረወርሁት በል። እርሻ ላይ የሚደረግ ነገር ነው።»

«እናገራለሁ» አለ፣ ፊቱን ሳያዞር።

«ለምን ልጁን እንደጠራኸው ቢጠይቁህስ?»

ሳይጮኽ ተነሥቶ በሩን ከፈተልኝ፤ አለመጮኹ አስፈራኝ።

ጉዳዩ የታየው በከተማው አዳራሽ ውስጥ ነው። ሦስት የኮሚቴ ሰዎች ነበሩ። ሰብሳቢው ከሩቅ አገር የመጡ፣ ጠጉራቸው የሸበተ፣ መሐረባቸውን ከአንገታቸው የማያወርዱ ሽማግሌ ናቸው። ደጋፊው ግጥም ብሎ ገብቷል። ለወንድሜ ሊመሰክሩለት ነው የመጡት። በዋዜማው ቀኑን ሙሉ ሲመካከሩ ሰምቻቸዋለሁ፤ የፍቅር ቁጣ መሆኑን እናስረዳ፣ ሰው ያዝናል ብለው ተስማምተዋል።

መጀመሪያ ባጃጅ ነጂው ተነሣ። «ጌታው፣ ያን ቅጣት ምት ሲከለክለን ማን የማይናደድ አለ? እኔ ብሆን በኮፍያ አልተውውም ነበር! እሱ ጨዋ ስለሆነ ነው በኮፍያ ያለፈው!»

«መታው ነው የሚሉት?» አሉ ሰብሳቢው።

«አንዴ ብቻ!»

ቀጥላ ሻይ ሻጯ፣ «ልጁ ልቡ ስስ ነው አባቴ፤ ደሙ ሲፈላ አያይም፣ አይሰማም» አለች። የኮሚቴው ጸሐፊ ጻፈ። ልብስ ሰፊው ደግሞ ማስረጃ ይዞ መጣ። ያን ዕለት የተቀደደውን ሸሚዝ ገና ሳይሰፋው አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። «ይዩት! ከአንገት እስከዚህ። ይሄ በሽታ እንጂ ጥፋት ነው? ዘንድሮ ብቻ አራተኛዬ ነው።» አዳራሹ ሳቀ። ጸሐፊው ጻፈ። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ከልባቸው ስለሚወዱት ነው። በየተራ እየተነሱ፣ በፍቅር፣ አንድ ዓመት ሊያስፈርዱበት ነው።

«እርስዎስ ምን ይላሉ?» አሉት ሰብሳቢው።

ወንድሜ ተነሣ። ዞር ብሎ ሕዝቡን አየ። እኔንም አየኝ፤ ዓይኑን ግን ቶሎ ነው ያነሣው።

«ስሜታዊ ሆኜ ነው» አለ። «ደሜ ፈልቶ ነው። ኳስ ስለምወድ ነው። ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ጭብጨባው ጣሪያውን አንቀጠቀጠው። ባጃጅ ነጂው እንባውን ጠረገ። ያላደረገውን አደረግሁ አለ። ወረቀቴን ከሚያወጣ አንድ ዓመት ከሜዳ መቅረትን መረጠ። የዚያች ደቂቃ እርጋታ የኔ ነበረች፤ እስዋንም ወስዶ ቁጣው አደረጋት። በሕይወቴ እንዲያ ቀንቼ አላውቅም።

እጄን አነሣሁ። ተናገሩ ተባልሁ። ተናገርሁ፤ የሰማኝ የለም።

«ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ እህቴ» አሉኝ ሰብሳቢው።

ደብተሬን ገልጬ የዕለቱን ግልባጭ አነበብሁ። በዕረፍት ወረቀት እንደሰጠሁት፣ ወረቀቱ ጨዋታው ይቀዝቅዝ እንደሚል፣ ኮፍያው ለአማካዩ እንደተወረወረ በተራ በተራ አስረዳሁ። እንደ ቃለ ጉባኤ፣ አንድም ሳልዘል። ከኋላ ማጉረምረም ተነሣ።

«እህት ናት፣ ምን ታድርግ!» አለ ባጃጅ ነጂው፣ በማዘን። «ልታድነው ብላ ነው።»

«ሥጋው አይደለች እንዴ!» አለ ሌላው።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህ ግልባጭ መቼ እንደተጻፈ በምን እናውቃለን?»

ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። በእርሳቸው ቦታ ብሆን እኔም እጠይቀው ነበር። ለሥጋዋ የዋሸች ተብዬ በደግነት ሊታለፍልኝ ነው ማለት ነው። እኔ፣ አንድ ቁጥር ተሳስቶ ሲመዘገብ እንቅልፍ የማይወስደኝ። ወንድሜ ጫማውን እያየ ነው።

ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁት። የውሃው ብርጭቆ ተገለበጠ።

«አልተናደደም!» ብዬ ጮኽሁ። ድምፄን አላወቅሁትም። «አልተናደደም ነው የምላችሁ! ያን ሰዓት ከዚያ ሜዳ ሁሉ የበረደ ሰው እሱ ነበር! ቁጣ ካላያችሁ ሰው አይመስላችሁም እንዴ? እዚህ ትራክተር የነዳ የለም? ተነሡ! ተነሡ እንጂ!»

አምስት ስድስት ሰው ግራ እየገባው ተነሣ።

«አስጠማጁ ጠርቶህ አልሰማህም። ሞተሩ ይጮኻል። ምን ያደርጋል?»

ከተነሡት ውስጥ ዓይናቸው በአቧራ የቀላ አንድ ሽማግሌ ነጂ ነበሩ። «ኮፍያውን ይወረውርልኛላ» አሉ፣ ይህ ምን ይጠየቃል በሚል ዓይነት።

«ኮፍያ ነዋ!» አሉ የቀሩትም።

«ለምን ኮፍያ?» አሉ ሰብሳቢው።

«ድንጋይማ መስታወት ይሰብራል ጌታው! ኮፍያ ከፊቴ ሲወድቅ ሳይ ነዳጁን እቀንሳለሁ፤ ዞር ብዬም አያለሁ። እዚህ አገር ኮፍያ ያልተወረወረበት ነጂ የለም።»

አዳራሹ ውስጥ ካለው ሕዝብ ከግማሽ የሚበልጠው በሕይወቱ ኮፍያ ወርውሯል ወይም ተወርውሮበታል። ሁሉም ያውቁት ነበር። ወንድሜን ሲያዩ ግን ማየት የለመዱት ቁጣውን ስለሆነ የገዛ እጃቸው ሥራ ጠፋባቸው። ሰብሳቢው አማካዩን አስጠሩ። ልጁ ተነሥቶ፣ «ኮፍያው ሲወርድ አይቼ ነው ኳሱን የያዝሁት። ለዳኛው ነው ሲባል ግን… እኔም ለዳኛው ይሆናል አልሁ» አለ። ያኔ ነው የተሳቀው።

ውሳኔው በዚያው ቀን ወጣ። ጥንቃቄ በጎደለው መንገድ ዕቃ ወደ ሜዳ በመወርወሩ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፤ እገዳ የለም።

በር ላይ ወንድሜን ተሸከሙት። ሻይ ሻጯ እኔን አቀፈችኝ። «ዛሬ ገና የሱ እህት መሆንሽን አወቅሁ! ምን ዓይነት ጩኸት ነው? ከየት አመጣሽው?» አለችኝ። ባጃጅ ነጂው ጠረጴዛውን እንዴት እንደመታሁት በእጁ አስመስሎ ለሦስት ሰው አሳየ። «የደም ነገር ነው!» ይላል። ስለ ወረቀቱ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። ወረቀቱን ሳነብ አልታመንሁም፤ ስጮኽ ታመንሁ። ይባስ ብሎ ደግሞ፣ መቼም የመጣው ይምጣ ብዬ ልጻፈው፣ ጩኸቱ ጣፍጦኝ ነበር። ደረቴ ተከፍቶ፣ ጉሮሮዬ እየነደደ መንገዱን ስሄድ፣ ይህን ነው እንዴ ዕድሜውን ሙሉ ብቻውን ሲበላ የኖረው አልሁ። አዲስ ቅናት በአሮጌው ላይ ተጨመረ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቴ መጣ። ወንበር ሰጠሁት፤ አልተቀመጠም።

«ሰው ፊት አዋረድሽኝ» አለ።

«ከሜዳ እንዳትቀር አደረግሁ።»

«እሱንም አድርገሻል።» ግድግዳውን ተደገፈ። «ያን ቀን ስትጮኺ ደነገጥሁ እታለም። አባባን የሰማሁ ነው የመሰለኝ።»

«ዛሬ ነው።»

«እ?»

«ያን ቀን አይደለም። ዛሬ ጠዋት ነው።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚህ ላይ ውሃ አቀርብለት ነበር፤ ነገሩም በዚያው ይቀር ነበር።

«የአብደራፊን ቡድን ሁለቴ አይቻለሁ» አልሁት። «ሦስት ገጽ ጽፌያለሁ። ለልጆቹ የኔ መሆኑን ካልነገርሃቸው አልሰጥህም።»

«እንዴ! ለነሱ ከሆነ… ለደጋፊው ግን…»

«ለደጋፊው አላልሁም። ለልጆቹ።»

«ይስቁብኛል።»

«ይሳቁብህ። በኔ እስከ ዛሬ ማንም አልሳቀም፤ ያየኝ ስለሌለ።»

እሺ ሳይል ሄደ። በሚቀጥሉት ቀናት አልመጣም፤ እኔም አልሄድሁም። ሦስቱን ገጾች አንድ ጊዜ ልቅደዳቸው፣ አንድ ጊዜ ልላክለት ብዬ አወጣሁና መልሼ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍሁባቸው። ቡድኑ በኔ እልህ ቢሸነፍስ የሚለው ሐሳብ ሌሊቱን ሙሉ ባይሆንም ጠዋት ጠዋት ይመጣብኝ ነበር።

የጨዋታው ዕለት ከሰዓት በኋላ ሜዳው ዳር፣ ልጆቹ ጫማ በሚያስሩበት ጥላ ሥር ቆሞ አየሁት። እኔ ከሩቅ ቆምሁ። አየኝና በእጁ ጠራኝ። ቀረብሁ። ወረቀቶቹን ከቦርሳዬ ከማውጣቴ በፊት ለልጆቹ ተናገረ፤ እንደ ወትሮው ጮኾ አይደለም፣ እንዲያውም የኋለኞቹ አልሰማንም ብለው ጠጋ አሉ።

«በዕረፍት የማነብላችሁ ነገር የሷ ነው» አለ። «ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የሷ ነው። በቃ።»

በረኛው ሳቀ። ወንድሜ ፊቱ ቀላ፤ ይነድዳል ብዬ ጠበቅሁ። አልነደደም። አማካዩ ግን ጫማውን ማሰር ትቶ ቀና አለና፣ «እትዬ፣ ባለፈው ‹ወደፊት አይሩጥ› ያልሽው እኔን ነው?» አለኝ።

«አዎ፣ አንተን ነው።»

«ልክ ነሽ። ዛሬስ?»

ሦስቱን ገጾች ራሴ አነበብሁላቸው። ሁለተኛው ገጽ ላይ የግራ ተከላካያቸው በቀኝ እግሩ ብቻ እንደሚመታ ስደርስ በረኛው መሳቁን አቆመ።

ጨዋታው ሁለት ለአንድ አለቀ፤ አሸነፍን። ወንድሜ ሁለተኛው ጎል ሲገባ ተንበርክኮ አለቀሰ። ያ እንባ የራሱ ነው፤ ማንም ጽፎ አልሰጠውም። ሕዝቡ ተሸከመው፣ ስሙን እየጠራ ከተማውን አዞረው። በማግሥቱ ከኒሙ ሥር ድሉ የሱ እሳት ነበር፤ ልብስ ሰፊው አምስተኛውን ሸሚዝ እየሰፋ ነበር።

ወረቀቱ የኔ መሆኑን የሚያውቁት ተጠባባቂዎቹን ጨምሮ አሥራ ስምንት ልጆች ናቸው። ቆጥሬያቸዋለሁ። አንሰውኛል። እንዳነሱኝም ለወንድሜ ነግሬዋለሁ።